ለምርቃት የጣሊያን ትኩስ ሚኒ ሳንድዊች፦ ድሬ ላይ እንዴት ይሠራል?

የሳቢያኗ
ሰላም ድሬዎች፣ ሐረሮችም። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ እንዳትስቁብኝ።

ሰኔ መጨረሻ ታናሽ እህቴ ትመረቃለች። ቤት ውስጥ ትንሽ ዝግጅት አለን። ትንሽ ስል አርባ ሰው ነው፤ እናቴ መንገድ ላይ አግኝታ የምትጠራቸውን ሳልቆጥር። ወጡም፣ ክትፎውም፣ ሳምቡሳውም አለ። ተመራቂዋ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ውጭ ያለችው የአክስታችን ልጅ በቪዲዮ ያሳየቻትን ሚኒ ሳንድዊች።

ትንንሽ ለስላሳ ዳቦዎች ናቸው፣ እርስ በርስ የተያያዙ። ሳይለያዩ በአግድም ይሰነጠቃሉ። ውስጡ ካም (የአሳማ ሥጋ)፣ ሳላሚ (የደረቀ ቋሊማ)፣ ፕሮቮሎኔ ቺዝ፣ የኮመጠጠ ቃሪያ ይገባበታል። ላዩ በነጭ ሽንኩርት ቅቤ ይቀባና ኦቨን ይገባል። ሲወጣ ቺዙ ይሳባል። "ስላይደር" ይሉታል።

ካም እንደማላደርግ ግልጽ ነው። በምን ልተካው? ዳቦውስ ከየት ይገኛል? ኦቨኔ ደግሞ የታችኛው እሳት ብቻ ነው የሚሠራው። መብራቱንም ታውቁታላችሁ።

ባቡር ሠፈር
አቦ ሳምቡሳ ምን አደረገሽ? እሱኑ አብዢው። ሁሉም ይበላዋል፣ አለቀ።

የሳቢያኗ
ሳምቡሳውማ አለ አልኩ እኮ። የጠየቅኩት ስለ ሳንድዊች ነው።

የከዚራ ሽማግሌ
መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ይኼንን ሳንድዊች ጣሊያን አገር ሄደሽ ብትፈልጊው አታገኚውም። እዚያ ፓኒኖ ነው ያለው። ዳቦ፣ አንድ ዓይነት ሥጋ፣ ቢበዛ ቺዝ። ሦስት አራት ዓይነት ሥጋ ደርበው፣ ቃሪያ ጨምረው፣ ዘይትና አቼቶ ያፈሰሱበት አሜሪካ የገቡት ጣሊያኖች ናቸው። ስላይደር የሚለውም የአሜሪካኖች የትንሽ በርገር ስም ነው።

ዕቃዎቹ ግን የእውነት የጣሊያን ናቸው። ሞርታዴላ የሚባለው ትልቁ ቋሊማ የመጣው ከቦሎኛ ከተማ ነው። ፕሮቮሎኔ የደቡብ ጣሊያን ነው። የረጋው ወተት ፍል ውሃ ውስጥ እየተሳበ እንደ ሊጥ ይታሻል። ሲሞቅ የሚሳበው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፕሮቮሎኔ ካጣሽ ሞዛሬላ ተኪበት፣ አሠራራቸው አንድ ነው። በእኛ አይብ ግን አትሞክሪው። የእኛ አይብ እሳት ሲነካው ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም።

እኛ ምግቡን ባንወርስም ቃሉን ወርሰናል። ፉርኖ፣ አቼቶ፣ ሳልሳ፣ ስቴኪኒ ስትዪ ጣሊያንኛ እያወራሽ ነው። ድሬን ግን ያመጣት የፈረንሳዮቹ ባቡር ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1902። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ሕንዱም በሐዲዱ ተከትሎ መጣ። ጣሊያን በ1936 ገብቶ በ1941 ተባረረ። አምስት ዓመት ብቻ። ወጥ ቤታችን ውስጥ ግን ይኼው እስከ ዛሬ አልወጣም።

ታይዋን በር
ጋሼ፣ ታሪኩ ያምራል፣ እርስዎ ግን ልጅቷ የጠየቀችውን ዳቦ ረሱት።

የከዚራ ሽማግሌ
ጋሼና እርስዎ ከየት መጣ? ድሬ ነን፣ "አንተ" በለኝ። ዳቦውን ዳቦ ጋጋሪ ይመልስ፣ እኔ በላተኛ ነኝ።

ሌሊት ፈረቃ
ዳቦ ጋጋሪ መጣ። ሥራዬ ነው፣ 11 ዓመት ሆነኝ።

ከሱቅ የምትገዢው ክብ ዳቦ ቅርፊቱ ደረቅ ነው። ሲነክሱት ቺዙ በጎን ይወጣል። የበርገር ዳቦ ይሻላል፣ ግን ትልቅ ነው፤ የተያያዘም አታገኚም። ራስሽ ጋግሪው። ለ16 ትንንሽ ዳቦ ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 60 ግራም ስኳር፣ 60 ግራም የገበታ ቅቤ፣ አንድ እንቁላል፣ ሩብ ሊትር ወተት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ሊጡ ወደ 920 ግራም ይመጣል። በሚዛን 57፣ 57 ግራም እያደረግሽ አድቦልቡይው። በዓይን አትገምቺ፤ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነ ስትሰነጥቂው ቢላዋው ይዘባል።

አሁን ዋናውን ስሚ። ቪዲዮው ላይ "ለብ ያለ ወተት" ይላሉ። እነሱ አገር ብርድ ነው። ድሬ ላይ ወተቱ ከፍሪጅ በቀጥታ ይገባል። አለዚያ ሊጡ ሻይ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ ኩፍ ብሎ ከሳህኑ ይወጣል። ቶሎ የነፋ ሊጥ ደግሞ ጣዕም የለውም፣ እርሾ እርሾ ይሸታል። እኔ ሰኔ ላይ ውሃውንም በበረዶ ነው የማቦካው።

አስር ደቂቃ እሺውና መጀመሪያ ኩፍ እንዲል ተዪው፣ ከዚያ አድቦልቡይው። ፓትራው ላይ ስትደረድሪው በመሃላቸው አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት ተዪ። ሁለተኛ ሲነፉ ይገናኛሉ፣ መያያዝ የሚመጣው ከዚያ ነው። በ180 ዲግሪ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

ደግሞ የዛሬ ዳቦ ለዚህ አይሆንም። ከዋዜማው ጋግሪው። አንድ ሌሊት ያደረ ዳቦ ቢላዋ ሲገባበት አይፈረፈርም፣ አይጨማደድምም።

አርባ ሰው በሦስት 120 ነው። 8 ፓትራ፣ 4 ኪሎ ዱቄት።

የሳቢያኗ
ወይኔ፣ 8 ፓትራ! ኦቨኔ የሚይዘው አንድ ነው፣ እሱም በታችኛው እሳት።

ሌሊት ፈረቃ
የሠፈርሽ ዳቦ ቤት ውሰጂዋ። ድፎ የሚያስጋግሩ ሰዎች ይመጡ የለም እንዴ? አዲስ ነገር አይደለም። ግን ሰዓቱን ጠይቂ። ዳቦው የሚጋገርበት ምድጃ ለቺዝ በጣም ሞቃት ነው፣ ላዩን በአንዴ ያከስለዋል። የጠዋቱ ዳቦ ወጥቶ እሳቱ ሲበርድ ነው የሚመቸው። ጋጋሪውን በስልክ ሳይሆን በአካል ሄደሽ አነጋግሪው። የምርቃት ሳምንት ሁሉም ሰው ድፎ ይዞ ይሰለፋል።

የመጋላዋ
ወላሂ ሁላችሁም ስለ ዳቦና ስለ ጣሊያን ታወራላችሁ። እህቴ፣ የአሳማው ነገር ቀላሉ ነው፣ እሱን ማንም አይነካውም። ከአርባው እንግዳሽ ስንቱ ሙስሊም ነው? ሥጋውንስ ማን አረደው?

የክርስቲያን እርድ እኛ አንበላም፣ የሙስሊም እርድ እናንተ አትበሉም። አንድ ዓይነት ሥጋ ደርድረሽ ብታቀርቢ ግማሹ እንግዳ "አቦ ጠግቤያለሁ" ብሎ ሻይ ይጠጣል። በጨዋነት ነው የሚልሽ። አንቺ ደግሞ "አልጣፈጠም ማለት ነው" ብለሽ ታዝኛለሽ።

የሳቢያኗ
ይኼን እንዴት ረሳሁት! በሳንድዊች መልክ ሲመጣ ሥጋ መሆኑን ረሳሁት መሰለኝ። ከአርባው አሥራ አምስቱ ሙስሊም ናቸው። እናቴና እድርተኞቿ ደግሞ የሰኔን ጾም ይጾማሉ፣ እነሱ ስድስት ናቸው።

ታይዋን በር
ታይዋን ገበያ ሂጂ፣ እዚሁ ድሬ። በጣሳ የሚመጣ የበሬና የዶሮ ሞርታዴላ አለ፣ ሐላል የሚል ተጽፎበታል። ጉዳዩ በአንድ ጣሳ ይዘጋል።

ባቡር ሠፈር
ለሙስሊሞቹ ይዘጋል። ለሌሎቹስ? ጣሳውን ማን አረደው?

ታይዋን በር
አቦ የጣሳ ሥጋ ላይ ይኼን የሚጠይቅ ሰው አለ?

ባቡር ሠፈር
እናቴ አለች።

ቱና ወዳድ
ሁሉንም በቱና ሥሩትና ተገላገሉ። ቱና፣ ማዮኔዝ፣ ቺዝ።

የመጋላዋ
ቱና ለሁለታችንም ይሆናል። ቺዙ ግን ጿሚዎቹን ያስወጣል፣ ዓሣው ራሱም እነሱን ያከራክራል። ደግሞ ልጅቷ የፈለገችው ሥጋና ቺዝ ነው። ምርቃቱ የማን ነው?

እኛ ቤት እንዲህ እናደርጋለን። ክርስቲያን እንግዳ ሲኖረኝ ጎረቤቴ በራሷ ድስት፣ በራሷ ቢላዋ ትሠራልኛለች። እሷ ሙስሊም እንግዳ ሲኖራት እኔ እሠራላታለሁ። አንቺም ሙስሊም ጎረቤት አታጪም። ዳቦውንና ቺዙን ስጫት። ሥጋውን ከምታውቀው ሥጋ ቤት እሷ ትግዛ፣ እሷ ወጥ ቤት ይጠበስ፣ እዚያው ይደርደር። መክተፊያ፣ ቢላዋ፣ ፓትራ የራሱ ይሁን። ቅቤ መቀቢያውም ብሩሽ እንዲሁ! ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። አንዱን ሳንድዊች ቀብቶ ወደ ሌላው ከሄደ የቀረው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው።

የጾሙን ለብቻ አድርጊው።

ቶሮንቶ ያለሁ የለገሃሬ ልጅ
እዚህ የጣሊያኖች ዴሊ (ሥጋና ቺዝ እየቆረጠ፣ ሳንድዊች የሚሸጥ ሱቅ) ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ከሥጋው ዓይነት ይልቅ አቆራረጡ ነው ወሳኙ። ሥጋው ወረቀት እስኪመስል ይሳሳል፣ ከዚያ አይነጠፍም። እጥፍጥፍ ተደርጎ፣ እንደ ነጠላ ጥለት ሸብሸብ ብሎ ይቀመጣል። በእጥፋቱ መሃል ሙቀት ይገባል፣ ሲነክሱትም ይለሰልሳል። ወፍራም አንድ ቁራጭ ካደረግሽ በመጀመሪያው ንክሻ ሙሉው ሥጋ ተጎትቶ ይወጣል፣ ባዶ ዳቦ ይዘሽ ትቀሪያለሽ።

የበሬ ሞርታዴላ ካላገኘሽ ሥጋውን ራስሽ ጥበሺ። አንድ ኪሎ ሽንጥ ወይም ጭቅና ወስደሽ በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በጨውና በተወቀጠ የእንስላል ዘር እሺው። እንስላሉን አትተዪ። የጣሊያን ቋሊማ የሚሸተው እሱን ነው፣ ቀማሹ "ጣሊያን ጣሊያን ይላል" የሚልሽ በእሱ ነው። መጥበሻ ላይ ዙሪያውን አቅልተሽ ክዳን ግጠሚና በትንሽ እሳት አብስዪው። ከዚያ ፍሪጅ ይደር። ትኩስ ሥጋ ስስ ሆኖ አይቆረጥም፣ ይቦጫጨቃል። ጠዋት በተሳለ ቢላዋ ጭረቱን ተሻግረሽ ቁረጪው። ለ16 ዳቦ 250 ግራም ሥጋና 250 ግራም ቺዝ ይበቃል።

የሳቢያኗ
ሙከራ አደረግኩ። ተዋረድኩ።

ሐሙስ ማታ አንድ ፓትራ ሠራሁ። ዳቦው እንደ ጥጥ ነበር (ሌሊት ፈረቃ፣ እጅህ ይባረክ)። ሥጋውን ደረደርኩ፣ ቺዝ አለበስኩት፣ ቲማቲም ጨመርኩ፣ ማዮኔዝ ቀባሁ፣ ቃሪያውን ከነውሃው አፈሰስኩበት። ኦቨን ከተትኩት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ታቹ ከሰል፣ መሃሉ ፍትፍት፣ ላዩ ነጭ። ቺዙ አልቀለጠም። ወንድሜ አንዱን አንስቶ አየውና "ይኼ በማንኪያ ነው የሚበላው?" አለኝ።

ቶሮንቶ ያለሁ የለገሃሬ ልጅ
ቲማቲም! ማን ቲማቲም አድርጊ አለሽ?

ይኼንን ሳንድዊች የሚገድለው ውሃ ነው። ቲማቲምና ሰላጣ ሲሞቁ ውሃቸውን ይለቃሉ፣ ዳቦው ይጠጣዋል። ከፈለግሽ በቀዝቃዛው ለብቻ አቅርቢው፣ ሰው ራሱ ይጨምር። ቃሪያውንም ከኮመጠጠበት አውጥተሽ በእጅሽ ጭመቂው፣ በፎጣም አድርቂው።

ከመደርደርሽ በፊት የተሰነጠቀውን የዳቦ ፊት ብቻ አምስት ደቂቃ ኦቨን ውስጥ ወይ መጥበሻ ላይ አድርቂው። ከዚያ ቺዝ ከታችም ከላይም ይሁን፣ ሥጋው በሁለት ቺዝ መሃል። ቺዙ ሲቀልጥ ዳቦውን ከሥጋው እርጥበት ይከልለዋል፣ ሁለቱን ዳቦም ያጣብቃል። ማዮኔዝም ሰናፍጭም ዳቦው ላይ ሳይሆን ቺዙ ላይ፣ ስስ አድርገሽ።

መጀመሪያ ፎይል አልብሰሽ በ175 ዲግሪ 15 ደቂቃ። እንፋሎቱ ቺዙን ያቀልጠዋል። ከዚያ ፎይሉን ገልጠሽ ቅቤውን ቀቢና ላዩ ወርቅ እስኪመስል ከ5 እስከ 8 ደቂቃ። ቅቤውን ቀድመሽ ብትቀቢው ነጭ ሽንኩርቱ ያርርና ይመራል።

ከጀጎል
እኛ ሐረር ላይ ብርድ ስላለ ሊጣችንም እንደ እኛ ረጋ ያለ ነው፣ እንደ ድሬ አይቸኩልም። (ቀልድ ነው፣ አትነሱብኝ።)

በታችኛው እሳት ብቻ ለምትቸገሪው፣ ድፎ አይተሽ አታውቂም? ድፎ እኮ ከላይም ከታችም እሳት ነው። አያቴ ኦቨን የሚባል ሳታውቅ ነው አምስት ኪሎ ድፎ የምታወጣው። ሰፊ ድስት ከሰል ምድጃ ላይ ጣጂ። ውስጡ ሦስት ትንንሽ ድንጋይ ወይም የተገለበጠ የብረት ሰሃን አስቀምጪ፣ ፓትራው የድስቱን ታች እንዳይነካ። በደንብ ክደኚው። የፋመ ከሰል በብረት ክዳኑ ላይ ደርድሪ። ከታች ጥቂት፣ ከላይ ብዙ። ታችሽ የከሰለው እሳቱ በቀጥታ ስለነካው ነው።

መብራት ቢጠፋም አይገድሽም። ግን ከሰሉን ውጭ፣ በረንዳ ላይ። ቤት ዘግተሽ ከሰል አታንጂ።

የሳቢያኗ
ይኼ ገባኝ! ቅዳሜ እሞክረዋለሁ። ቅቤው ላይስ? እናቴ ቤት ያለው ንጥር ቅቤ ነው።

ባቡር ሠፈር
አድርጊው፣ የጣሊያን ክትፎ ይሆናል።

የከዚራ ሽማግሌ
ከሳቅን አይቀር፣ ንጥር ቅቤ ክፉ አሳብ አይደለም። ውሃው ወጥቶለታል፣ ዳቦውን አያርሰውም። ችግሩ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ነው። ቤቱ ሁሉ ክትፎ ቤት ክትፎ ቤት ይሸታል፣ እንስላሉም ይዋጣል።

የመጋላዋ
የገበታ ቅቤ ይሁን። ለአንድ ፓትራ 60 ግራም፣ ሁለት ፍሬ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንጥር ጨው። ኦሪጋኖ ካጣሽ ጦስኝ በጣትሽ ፈርፍሪበት። በሶብላም የጣሊያኖቹ ባዚል ዘመድ ነው፣ ግን ኃይለኛ ስለሆነ በጥቂቱ።

ቃሪያውን ደግሞ ከቀፊራ ገበያ ስትገዢ ሥጋው ወፍራም የሆነውን ምረጪ። በቀለበት ቀለበት ቁረጪው። አንድ ብርጭቆ አቼቶ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አፍልተሽ በላዩ ድፊበት። አድሮ ይጥማል፣ ማቃጠሉም ይበርዳል።

እሁድ ቁርስ
ለጿሚዎቹ ማንም ምንም አላለም። የጾም ሊጥ ቀላል ነው። ወተቱን በውሃ፣ ቅቤውን በዘይት ተኪ፣ እንቁላሉን ተዪው። ውሃ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ቀንሺ፣ ሊጡ እንዳይቀጥን።

ቺዝ የለም፣ እና ምን ያያይዘው? ቦሎቄ! ነጭ ቦሎቄ ቀቅለሽ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሎሚና ከዘይት ጋር ፍጪው፣ እንደ ወፍራም ሽሮ ይሁን። በሁለቱም የዳቦ ፊት ቀቢ። መሃሉ በስሱ ተቆርጦ የተጠበሰ ደብርዣን፣ እሳት ላይ ተለብልቦ የተላጠ ቀይ ቃሪያ፣ ካገኘሽ የወይራ ፍሬ። ደብርዣኑን በጨው አርሰሽ ግማሽ ሰዓት አቆዪና ጨምቂው፣ ብዙ ዘይት አይጠጣም። ላዩን በዘይትና በነጭ ሽንኩርት። ጣሊያኖቹም ሥጋ ሳይኖር ይኼንኑ ነው የሚበሉት። ቦሎቄና ደብርዣን ማለቴ ነው።

ጤና ባለሙያ ነኝ
አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰኔ ስለሆነ። ጥላው ውስጥ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ የበሰለ ሥጋና ማዮኔዝ ያለበት ምግብ ውጭ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ድሬ ሰኔ ላይ ከ32 በታች የሚሆነው ሌሊት ነው። ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አታውጪ። ሁለት ፓትራ ይቅረብ፣ ሲያልቅ ሁለት። የቀረው ወይ በጣም ትኩስ ወይ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን። ለብ ያለው ነው አደገኛው።

ቶሮንቶ ያለሁ የለገሃሬ ልጅ
ትክክል። ትኩስ ለማቆየት አይስ ቦክስ ጥሩ ነው፣ በረዶ ሳይገባበት ማለቴ ነው። ፓትራውን በፎይል፣ ከዚያ በፎጣ ጠቅልለሽ ክተቺው።

የሳቢያኗ
እህቴ ተመረቀች! ዝግጅቱም አለፈ። ቃል ስለገባሁ ሪፖርት።

በጠቅላላው 8 ፓትራ። አራቱ የእኛ ሥጋ፣ ሦስቱ ጎረቤቴ ወጥ ቤት የተሠሩ፣ አንዱ የጾም። ጎረቤቴ ብሩሹን ስሰጣት ሳቀችብኝ። "ይኼንን ማን ነገረሽ?" አለችኝ። የመጋላዋ፣ አንቺ ነሽ ያልኳት። እንዳይምታታ በእያንዳንዱ ላይ ስቴኪኒ ሰካንበት። በእኛው ላይ ቀይ ቃሪያ፣ በእነሱ ላይ አረንጓዴ፣ በጾሙ ላይ የወይራ ፍሬ። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ እንደ ትራፊክ ያስረዳል፣ "አረንጓዴ የእናንተ፣ ቀይ የእኛ።"

ሥጋውን በቶሮንቶው ምክር ጠበስኩት። አድሮ ሲቆረጥ እውነትም እንደ ወረቀት ሆነ። እንስላሉን ሁሉም ጠየቀኝ። ቲማቲሙ ለብቻው በሰሃን ቀረበ፣ ማንም አልነካውም።

ዳቦ ቤቱ ጠዋት 4 ሰዓት ኑ አለን። ስድስቱን ፓትራ በሁለት ዙር አስጋገርኩ፣ ፎይሉን ለመግለጥ እዚያው ቆሜ። የጎረቤቴ ፓትራዎች ከነፎይላቸው የላይኛው መደርደሪያ ላይ ገቡ፣ የእኛው ከታች። ጋጋሪው ቺዙ ሲንጣጣ ሰምቶ መጥቶ አየ። አንዱን ሰጠሁት። በሁለት ጉርሻ ጨርሶት "ይኼ ነገር ሥጋ ያለው ኬክ ነው" አለኝ።

መመለሻው ላይ ነው ጉዱ። ባጃጅ ውስጥ ሦስት ፓትራ ጭኔ ላይ፣ ሦስት እህቴ ጭን ላይ፣ ሁሉም በጋቢ ተጠቅልሎ። ሳቢያን መግቢያ ላይ ባጃጁ ጉብታ ዘለለ። የላይኛው ፓትራ ክዳን ዳቦ ከነቅቤው ተንሸራቶ የእህቴ ቀሚስ ላይ አረፈ። ጋዋኑ ይሸፍነዋል ብላ ዝም አለች። ፎቶው ላይ ጋዋኗን ያላወለቀችው ለዚህ ነው፣ እንዳትነግሩ።

ሁለቱን የመጨረሻ ፓትራዎች ቤት በድስት ሠራኋቸው፣ ከሰል ከላይ። ከጀጎል፣ ከዳቦ ቤቱ በለጡ። ታቹ ጠበስ ያለ፣ ላዩ ወርቅ። የከሰል ሽታዋም አለችው።

አንድ ጥፋት አለኝ። የጾሙ 16 ብቻ ነበር። ለስድስት ጿሚ ይበቃል ብዬ። ነገር ግን አረንጓዴና ቀይ ስቴኪኒ የሰለቸው ሁሉ ወይራ ያለበትን ማንሳት ጀመረ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ሳይጠይቁ የሚያነሱት እሱን ብቻ ስለነበር ነው። እድርተኞቹ ቡና አፍልተው ሲመለሱ ሰሃኑ ላይ ፍርፋሪና አንድ የወይራ ፍሬ ብቻ ነበር።

እሁድ ቁርስ
ቦሎቄዬ! ሌላ ጊዜ አራት ፓትራ።

የመጋላዋ
ማሻአላህ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ጎረቤትሽን ሰላም በያት። የተረፈውን ግን እንዳትጥዪው። በፎይል ጠቅልለሽ ፍሪዘር ከከተትሽው ቆይቶም ይበላል፣ ሲወጣ በድስት ክደኚና አሙቂው።

የሳቢያኗ
ምን የተረፈ አለ? አራት ቀይ ቀርቶ ነበር፣ ወንድሜ ሌሊት በላው።

ባቡር ሠፈር
እና እናትሽ ምን በላች?

የሳቢያኗ
አትናገር።

ባቡር ሠፈር
በይ እንጂ።

የሳቢያኗ
ሳምቡሳ። የምስር።